እጅ ቀድሞ፣ አንጎል ተከትሎ

ሰው ብልህ የሆነው እጅ ስላለው ነው ወይስ እጅ የተሰጠው ብልህ ስለሆነ? ግሪካዊው አናክሳጎራስ የመጀመሪያውን መለሰ። ከእሱ በኋላ የመጣው አሪስቶትል ግን ነገሩን ገለበጠውና ተፈጥሮ መሣሪያ የምትሰጠው ሊሠራበት ለሚችል ነው አለ። ዓለም ለብዙ ዘመን ከአሪስቶትል ጋር ቆመ። እምነቱ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር የፒልትዳውን ጉዳይ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1912 እንግሊዝ አገር ትልቅ የራስ ቅልና ዝንጀሮ መሰል መንጋጋ ያለው «ጥንታዊ ሰው» ተገኘ ሲባል ብዙ ሊቃውንት ተቀበሉት፤ አስቀድሞ ያደገው አንጎል ነው ብለው ይጠብቁ ነበርና። የሰው ቅልና የኦራንጉታን መንጋጋ የተገጣጠመበት ማታለያ መሆኑ የተጋለጠው በ1953 ነው። በመሀሉ ሬይመንድ ዳርት በ1925 ከደቡብ አፍሪካ ያስታወቀው ባለ ትንሽ አንጎሉ ቅሪተ አካል፣ የታውንግ ሕፃን፣ ለዓመታት ሰሚ አጣ። የእኔ ክርክር ለእውነቱ የቀረበው አናክሳጎራስ ነው የሚል ነው። ዋናው ምስክርም የአፋር ምድር ነው።

ይህ ምስክርነት እዚህ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛትም ታሪክ አለው። ድንቅነሽን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1974 ሐዳር ላይ ያገኘው ዶናልድ ጆሃንሰን ያን ጊዜ የሚሠራው በዚሁ ግዛት ክሊቭላንድ ነበር። አጽሟም ለጥናት ወደዚያ መጥቶ ነበር። አረማመዷን ከመረመሩት አንዱ ኦዌን ላቭጆይም የዚሁ የኦሃዮ የኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ምሁር ነው። የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ በዳሌዋና በጉልበቷ አሠራር በሁለት እግር የምትሄድ ነበረች፤ አንጎሏ ግን የዛሬውን ሰው ሲሶ አይሞላም። እጅ ከመራመድ ሥራ የተገላገለው አንጎል ከማደጉ ብዙ ቀድሞ ነው ማለት ነው።

የተፈታው እጅ ምን ሠራ? መልሱን ከሐዳር ጎረቤት ከጎና እናገኛለን። ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ጥናት የጎናን የድንጋይ መሣሪያዎች ዕድሜ ከ2.5 እስከ 2.6 ሚሊዮን ዓመት አድርሶታል። ከእነዚህ ድንጋዮች አንዱን ቀረብ ብሎ ለሚያይ ሰው ሥራው ተራ አይደለም። ሠሪው በአንድ እጁ የወንዝ ድንጋይ ይይዛል፤ በሌላው መምቻውን። ጠርዙ ከዘጠና ዲግሪ ያነሰ ማዕዘን ያለበትን ቦታ ፈልጎ ይመታል። ምቱ ወደ መሀል ከገባ ድንጋዩ አይፈለጥም፤ ከጠርዙ እጅግ ከቀረበ ደግሞ ፍርክስክሱ ይወጣል። ልኩን ሲያገኝ ስስና ስለታም ስንጣሪ ይፈናጠራል። ሠሪዎቹ ድንጋዩን ዝም ብለው አላነሡም፤ ጥሩ የሚፈለጠውን፣ በተለይ ትራካይት የተባለውን ዐለት፣ መርጠዋል። ማን እንደሠራቸው እስካሁን አልተቆረጠም። ነገር ግን ከጎና ብዙም በማይርቀው ቡሪ፣ እነ ብርሃነ አስፋው በ1999 ያስታወቁት የ2.5 ሚሊዮን ዓመቱ የጥንት ፍጡር ጋርሂ አንጎሉ 450 ሲሲ ብቻ ነበር፤ በዚያው ዘመን ደለል ውስጥም በስለት የተበጡና ለመቅን የተሰበሩ የእንስሳት አጥንቶች ተገኝተዋል። የዛሬው ሰው አንጎል በአማካይ ወደ 1350 ሲሲ ይጠጋል። ትልቁ እድገት የመጣው ከስለቱ በኋላ ነው።

እንስሳትም በመሣሪያ ይጠቀማሉ የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እውነትም ይጠቀማሉ። ለዚህ ከካንዚ የተሻለ መልስ አላውቅም። ካንዚ የተባለውን ቦኖቦ እነ ኒኮላስ ቶዝ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ድንጋይ መፈለጥ አሠለጠኑት፤ ባወጣው ስለትም ገመድ እየቆረጠ ሽልማቱን ከሳጥን አወጣ። ሥራው ከጎናው ጋር ሲነጻጸር ግን በችሎታ የላቁት የጎናዎቹ ሆኑ። የቦኖቦ ጣቶች ረጃጅም፣ አውራ ጣቱ አጭር ነው፤ ዛፍ ለመያዝ የተመቸው እጅ ድንጋይ ጨብጦ በልክ ለመምታት ይቸገራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። አባት በእጁ የተማረው ወደ ልጁ ደም አይገባም። ፍሪድሪክ ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1876 ስለ ሥራና ስለ ሰው አፈጣጠር ሲጽፍ የሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሠለጠነ እጅ እንዲሁ የሚወረስ አድርጎ አይቶታልና። መንገዱ ጠምዘዝ ያለ ነው። ኑሮው በስለት ላይ በቆመ ማኅበር ውስጥ ቶሎ የሚማር፣ አስተውሎ የሚመለከት፣ ለሌላው የሚያሳይ ሰው መቅንና ሥጋ ያገኛል፤ ልጆቹም ይተርፋሉ። የሚወረሰው የመማር አቅሙ ነው፤ ሙያው ራሱ በየትውልዱ እንደ አዲስ ይለመዳል። አንጎልን ያሳደገው ሥጋ ነው ለሚሉትም መልሴ ከዚሁ ይወጣል፤ ሥጋውን ከአጥንቱ የለየው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ድንጋይ መፈለጥን በቃል እየተነገራቸው የተማሩ ሰዎች አይተው ብቻ ከተማሩት እንደሚሻሉ አሳይቷል። እጅ ንግግርን ጭምር ሳይጋብዝ አልቀረም።

ያለ እጅ የተወለደ ሰውስ አያስብም ወይ? ያስባል፤ ማንንም አያንስም። የምናገረው ሚሊዮን ዓመታት ስለፈጀ የትውልድ ጉዞ ነው። ያ ጉዞ ያፈራውን አንጎል እጅ ያለውም የሌለውም እኩል ወርሶታል፤ በእግሩ የሚሥል ሠዓሊም ያንኑ ቅርስ በእግሩ ያሠራዋል።

የአሪስቶትል ስሕተት በአገራችን በኢትዮጵያ ሌላ መልክ ነበረው። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው በሥራቸው ተሰድበዋል፤ በቡዳነት ተጠርጥረዋል፤ ጋብቻና ርስት ተነፍገዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል። ይህ ንቀት ዕውቀት ራስ ውስጥ ብቻ ነው ከሚል ሐሳብ ጋር አብሮ የኖረ ነው፤ ማስረጃው ግን ሐሳቡን አይደግፍም። ኮንሶ ውስጥ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች መፋቂያ ድንጋያቸውን ራሳቸው እየፈለጡ ይሠራሉ፤ ሙያውንም ከልጅነት ጀምሮ ለዓመታት ከእናቶቻቸው ይማሩታል። ካትሪን ዊድማን አርተር እነዚህን ሴቶች ስታጠና ድንጋይ ጠራቢ ወንድ ብቻ ነው የሚለውን የቆየ ግምት አፍርሳለች። የጥንት ድንጋይ ተመራማሪዎችም የጎናን ስንጣሪ ለማንበብ መጀመሪያ መምቻ አንሥተው ራሳቸው መፈለጥ ይለማመዳሉ፤ ምቱ የት እንዳረፈ በመጽሐፍ ብቻ አይለይምና።