ስለ ስሕተት ምርመራ በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በመጠኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት መስመር የፕሮግራም ጽሑፍ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ያች መስመር ሳትጻፍ በመቅረቷ የአንድ ኮምፒዩተር ሙሉ ሥልጣን ለማይገባው ሰው ተላልፎ ሊሰጥ ይችላል።

እንደሚታወቀው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከውጭ የሚመጣለትን ትእዛዝ፣ የተጠቃሚ ስምና ቁጥር እየተነተነ ያነባል። ንባቡ ባይሳካለት ምን ያደርጋል? የጉዳዩ ሥር ይህ ነው።

በሲ ቋንቋ ኤቶአይ የተባለው የቆየ ፈንክሽን ጽሑፍን ወደ ቁጥር ይለውጣል። የተሰጠው ጽሑፍ ቁጥር ባይሆን ግን ስሕተት መኖሩን ሳይናገር 0 ይመልሳል። በዩኒክስና በሊኑክስ ደግሞ 0 የሩት፣ ማለትም ሥልጣኑ ወሰን የሌለው ተጠቃሚ መለያ ነው። ስለዚህ የተጠቃሚን ቁጥር በዚህ መንገድ የሚያነብ ፕሮግራም ትርጉም የሌለውን ቃል ተቀብሎ ከፍተኛውን ሥልጣን ሊያድል ይችላል።

ስሕተቱን ማየት ብቻም አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2017 በሲስተምዲ የተገለጸው ጉድለት ለዚህ ምስክር ነው። አንድ አገልግሎት በማን ስም እንደሚሠራ በፋይል ይጻፋል፤ ስሙ በአኃዝ የጀመረ እንደ ሆነ ፕሮግራሙ ትክክል አለመሆኑን እያወቀ ማስጠንቀቂያ መዝግቦ መስመሩን ይዘለው ነበር። አገልግሎቱም በሩት ሥልጣን ይነሣ ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ ፒኬኤግዜክ ነው። ይህ ለተራ ተጠቃሚ ከፍ ያለ ሥልጣን የሚጠይቅ ሥራ የሚያስፈጽም የሊኑክስ ፕሮግራም፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጻፍ ከትእዛዙ ጋር ቢያንስ አንድ ቃል ይመጣል ብሎ አምኖ ነበር። የቃላቱ ዝርዝር ባዶ ሆኖ ሲቀርብለት ወሰኑን አልፎ በሜሞሪ ውስጥ ቀጥሎ ያለውን፣ ጠሪው ራሱ ያሰናዳውን ሌላ ዝርዝር ያነብ ነበር። ከዚህም የተነሣ ማናቸውም ተራ ተጠቃሚ ሩት መሆን ይችል ነበር። የኳሊስ ተመራማሪዎች በጃንዋሪ 2022 እስኪገልጹት ድረስ ጉድለቱ ከ12 ዓመት በላይ ቆየ። የእርማቱም ፍሬ ነገር፣ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ሥራህን አቁም የሚል ነው።

ከዚህ ሦስት ምክር እናገኛለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ፈንክሽን የመለሰው ውጤት እዚያው በተመለሰበት ቦታ ይመርመር። ሁለተኛ፣ ጥርጣሬ ሲነሣ መከልከል እንጂ በነበረው መቀጠል አይገባም። ሦስተኛ፣ ስሕተትን አጥርቶ የሚናገር መሣሪያ ይመረጥ፤ ኦፕንቢኤስዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ስትርቶነም ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ወሰን ጠይቆ፣ ቁጥሩ ባይስማማ ምክንያቱን ይገልጻል።

እኛ ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ ፕሮግራማችንን የምንፈትነው በትክክለኛ ጽሑፍ ነው፤ ሊያጠቃን የሚመጣው ግን የተበላሸውን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የተበላሸ ጽሑፍ ቀርቦለት እንቢ ማለቱ ሳይፈተን አንድ እርማት ተፈጸመ አይባል። በሸንጎ ዝምታ መስማማት ነው ይባላል፤ በፕሮግራም ውስጥ ዝም የተባለ ስሕተትም እንደ ፈቃድ ይቈጠራል። የሕዝብን ገንዘብና የሕመምተኛን ምስጢር የሚጠብቅ ማሽን በእጃችን ነውና፣ ያችን አንዲት መስመር ለመጻፍ አንስነፍ።