ስለ እግር ቁልፍ ትግል

(በሸዋ በር ለተሰበሰቡ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



እዚህ ሸዋ በር አጠገብ ልጆች ስንታገል ጀርባው መሬት የነካው ተሸነፈ ይባል ነበር። ብራዚሎች ከጃፓን ጁዶ ባዳበሩት ጁጂትሱ ግን ትግሉ የሚጠነክረው ከወደቁ በኋላ ነው። ከዘዴዎቹም አንዱ ተረከዝን ቈልፎ መጠምዘዝ ነው።

የባላጋራችንን እግር በእግሮቻችን መካከል አጥብቀን፥ ጣቶቹን በብብታችን ይዘን፥ ተረከዙን በክንዳችን ስንጠመዝዝ ኃይሉ የሚያርፈው በጉልበቱ ላይ ነው። ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ ለመታጠፍና ለመዘርጋት እንጂ ለመጠምዘዝ አልተሠራም። ክንድ ሲቈለፍ ሕመሙ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ እዚህ ግን ሕመሙ በቅጡ ሳይሰማ ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል። ጁዶ በውድድር ከክርን በቀር ሌላ መገጣጠሚያ መቈለፍን ይከለክላል። ዓለም አቀፉ የብራዚል ጁጂትሱ ፌዴሬሽንም ተረከዝ መጠምዘዝን የፈቀደው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም ያለ ጁዶ ልብስ ለሚጋጠሙ፥ ቡናማና ጥቁር ቀበቶ ላላቸው አዋቂዎች ብቻ።

እንግዲህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ በልምምድ ጊዜ የተያዘው ሕመም ሳይጠብቅ በእጁ መታ መታ አድርጎ «በቃኝ» ይበል፤ ይህ ውርደት አይደለም። የያዘውም ቀስ ብሎ ይጠምዝዝ፤ ወዲያውም ይልቀቅ። የጓደኛውን ጉልበት ሰብሮ ያሸነፈ ነገ ከማን ጋር ይታገላል?