ከጎማው በፊት ወለሉ



በምናለሽ ተራም ሆነ በየከተማው ገበያ ጥግ፣ ምድጃው ከመቀጣጠሉ በፊት ሸክም አለ። የብረት ሥራ ቤቱ ጠባብ ነው። ረጅም የበር ቋሚ ወይም የደረጃ መደገፊያ ውስጥ አይዞርም። ስለዚህ መስፉ፣ ሞርሳው፣ የብየዳ ማሽኑ ጠዋት ደጅ ይወጣሉ፤ ሲመሽ ሌባ እንዳይወስዳቸው ተመልሰው ይገባሉ። ሁለት ጎረምሶች ከዚህ፣ ሁለት ከዚያ ይዘው፣ ወገባቸውን እያጎበጡ ያነሳሉ። ያ ሁሉ ጉልበት ወጥቶ ገና አንድ ማጠፊያ እንኳ አልተሠራም፤ ደንበኛም ለሸክም አይከፍልም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ለአንድ ጎልማሳ ወንድ ሠራተኛ የሸክሙን ጣሪያ 55 ኪሎ አድርጎታል። መካከለኛ የሚባል መስፍ ከነመቆሚያው ከ100 ኪሎ በላይ ነው።

አባቶቻችን በዚህ አልተቸገሩም። ወናፋቸው ቆዳ፣ መስፋቸው ትንሽ፣ ሥራቸው ከመሬት ተቀምጠው ስለነበር ዕቃቸው ሁሉ በአንድ አህያ ይጫን ነበር። እኛ ከባድ መሣሪያ ወደድን፤ መውደዳችንም ልክ ነው፣ ከባድ መስፍ ላይ ብረት ቶሎ ይታዘዛል። ክብደቱን ስንገዛ ግን ማንቀሳቀሻውን አብረን አልገዛንም።

በአገራችን ታሪክ ስለ ከባድ ብረት ጉዞ ሲነሳ ሴባስቶፖልን የሚዘነጋ የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ይህ መድፍ ወደ 7 ቶን ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ የጂዳንና የበሽሎን ገደሎች አቋርጦ መቅደላ እስኪደርስ ወራት ፈጀ። መድፉ ሠረገላ ነበረው፤ የሚጎትት ሰውም አልጠፋም። ጊዜውን የበላው መንገዱ ነው፤ ድንጋዩ እየተፈለጠ፣ ዳገቱ እየተቆረጠ ከፊት ከፊት መሠራት ነበረበት። ዛሬ እኛ ዎርክሾፕ ውስጥ ከከባዱ መሣሪያ ሥር ጎማ ገዝተን እንበይድና ወለሉን እንረሳዋለን። ጎማው የመጀመሪያው ስንጥቅ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ "ጎማ አይረባም" ተብሎ ይፈታል። ደጃፉ ላይ ያለውን እርከን በሲሚንቶ አለስልሱት፤ የተቆፈረውን ሙሉት፤ ሁልጊዜ የምትሄዱበትን መስመር ከቁርጥራጭ ብረት አጽዱ። ጎማ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሁለተኛው ነገር ከበድ ይላል። መስፍ ሲጓዝ ቀላል፣ ሲመታ ደግሞ ቋጥኝ መሆን አለበት። መዶሻው ባረፈ ቁጥር የሚንሸራተት መስፍ ጉልበታችሁን ለራሱ ይወስዳል፤ ለብረቱ የሚተርፈው ያንሳል። ጎማውም አይተርፍም፤ ቆሞ ሳለ የሚደበደብ ኩሽኔታ ኳሶቹ የሚሽከረከሩበትን መንገድ ይጎደጉዳሉ፣ ከዚያ በኋላ እየተንገጫገጨ ነው የሚዞረው። እዚያ ላይ ፍሬን ያለው ጎማ መፍትሔ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ፍሬኑ መዞርን ነው የሚይዘው፣ ክብደቱ አሁንም በኩሽኔታው ላይ ነው።

በዚህ ሥልጠና ነገ ደጋግመን የምንሠራው የመስፍ መቆሚያ ሦስት እግር አለው። ወለሉ ጎርበጥ ቢልም ሦስት እግር እንደ በርጩማ አይናጋም። ሁለቱ እግሮች ላይ ጎማ ይበየዳል፣ ግን ከመሬት በጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ። እጀታውን ይዛችሁ ወደ ጎማዎቹ በኩል ስታጋድሉት ጎማው መሬት ይነካና ክብደቱን ይረከባል፤ ስትለቁት እግሮቹ ይቀመጣሉ። ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም። መቆሚያው ሰፊ መሠረት ይኑረው፤ ክብደቱ ከላይ ስለሆነ ቶሎ መገልበጥ ይወዳል። ተዳፋት ላይ ከታች በኩል የሚቆም ሰው እንዳይኖር።

የጎማው ዓይነትም ያከራክራል። ከቀላ ብረት የሚረግፈው ቅርፊት ላስቲክና ፕላስቲክ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ምድጃው አካባቢ የብረት ጎማ ይሻላል። የብረት ጎማ ግን ትንሽ ከሆነ ጠጠር ያቆመዋል፤ ዲያሜትሩ ትልቅ ይሁን። አራት ጎማ ያለው ጠረጴዛ ስትሠሩ ጭነቱን ለአራት አታካፍሉ። ወለል ፍጹም ልክ ስለማይሆን አንዱ ጎማ አየር ላይ ይቀራል፣ ጭነቱም በሦስቱ ላይ ይወድቃል። 300 ኪሎ ከሆነ እያንዳንዱ ጎማ 100 ኪሎ የሚችል መሆን አለበት።

ጎማ ጭራሽ የማይፈልግም አለ። ባለ እግር ሞርሳን በአሮጌ የከባድ መኪና ቸርኬ ላይ በይዱት። መሄድ ሲፈልግ አጋድላችሁ በጠርዙ ታሽከረክሩታላችሁ፤ አንድ ሰው ይበቃዋል። ሲቆም በራሱ ክብደት ይጸናል። በእኔ ግምት ከዚህ የረከሰና የተሻለ ነገር እስካሁን አልተሠራም። በዓመት አንዴ ለሚንቀሳቀስ ማሽን ደግሞ ጎማ መበየድ ብክነት ነው፤ ፓሎና ከሥር የሚገቡ ሦስት ቱቦዎች ይበቃሉ።

ምድጃ እሳት እያለበት አይገፋም። የጋዝ ሲሊንደር በሰንሰለት ሳይታሰር አይጎተትም። ስለ ሁለቱ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ሥልጠናው በይፋ ተከፍቷል። ከሻይ በፊት ወደ ግቢው ወጥተን ወለሉን በክርና በውሃ ልክ እንለካለን። ሴፍቲ ጫማ ያላደረገ ከተሰመረው መስመር ውጭ ቆሞ ይመልከት።