የቦረና ዕጣንና የድርብ ትስስር ጽናት



ስለ አልኪኖች ጽናት እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ ምሳሌዬን ከነገሌ ቦረና የዕጣን ንግድ መውሰድን መረጥሁ። ከነገሌ እስከ ሞያሌ ባለው ቆላ ቦስዌሊያ ኔግሌክታ የተባለው ዛፍ ሙጫውን ያወጣል፤ የአካባቢው አርብቶ አደሮች ለቅመው ለነጋዴ ያቀርቡታል። ድርቅ ከብቱን በጎዳበት ዓመት ከዚህ የሚገኘው ገንዘብ ለእህል መግዣ ይሆናል። የትግራዩ ዕጣን ዘይት በኦክቲል አሲቴት ሲያመዝን፣ በቦረናው ግን ከፍተኛ ድርሻ ከሚይዙት አንዱ አልፋ ፓይኒን ነው፤ ይኸውም አልኪን ነው።

የአልኪን ጽናት የሚመዘነው ሃይድሮጅን ሲጨመርበት በሚወጣው ሙቀት ነው። 1-ቡቲን፣ ሲስ 2-ቡቲንና ትራንስ 2-ቡቲን ሦስቱም ወደዚያው ቡቴን ይለወጣሉ፤ የሚያወጡት ሙቀት ግን በቅደም ተከተል 127፣ 120 እና 116 ኪሎጁል በሞል ያህል ነው። ብዙ ሙቀት የሰጠው ቀድሞውኑ ብዙ ኃይል ተሸክሞ የነበረው ነው። የ1-ቡቲን ድርብ ትስስር አንድ የካርቦን ቅርንጫፍ ብቻ አለው፤ የሌሎቹ ሁለት ሁለት። ቅርንጫፎቹ ኤሌክትሮኖቻቸውን በከፊል እያጋሩ ድርቡን ትስስር ይደግፉታል። በሲሱ ሁለቱ ቅርንጫፎች በአንድ ወገን ተጨናንቀው ስለሚገፋፉ ከትራንሱ ያነሰ ጽናት አለው። በፓይኒንም እንዲሁ ነው፤ የአልፋው ድርብ ትስስር በቀለበቱ ውስጥ ሆኖ ሦስት ቅርንጫፎች ሲኖሩት፣ የቤታው ከቀለበቱ ወጥቶ ሁለት ብቻ ስላሉት አልፋው ይበልጥ ይጸናል።

ታዲያ «ጽኑ» ማለት «አይበላሽም» ማለት ነውን? ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በዕጣን ዘይት ውስጥ በጥቂቱ የሚገኘው አልፋ ተርፒኒን ሁለቱ ድርብ ትስስሮቹ ጎን ለጎን ሆነው ስለሚደጋገፉ ከሊሞኒን ያነሰ ኃይል ተሸክሟል። ሆኖም ኦክስጅን ፈጥኖ የሚያጠቃው እርሱን ነው፤ ሁለት ሃይድሮጅኖች ቢያጣ ወደ ፓራ ሳይሚን፣ ማለትም እጅግ ጽኑ ወደ ሆነው የቤንዚን ቀለበት፣ ይወርዳልና። የሙቀት ልኬት የቁልቁለቱን ከፍታ ይነግረናል፤ የወራጁን ፍጥነት ግን አይነግረንም።

ስለዚህ በቆርቆሮ ጣራ ሥር በተከፈተ ጆንያ የተቀመጠ ዕጣን በሁለት በኩል ይጎዳል፤ ቀላሉ ዘይት ይተናል፤ የቀረው ከአየር ጋር ይዋሐዳል። መከላከያ ኬሚካል ይጨመርበት የሚሉ አሉ፤ እኔ አልደግፈውም፤ ዕጣን ገዥ ባዕድ ነገር አይወድምና። ሙጫው አስቀድሞ በጥላ ይድረቅ፤ ከዚያም አየር እንዳይተርፍ እስከ አፉ በተሞላ፣ ክዳኑ በጠበቀ ዕቃ ተደርጎ ከፀሐይ ይራቅ። ለዚህ የሚያስፈልገው ክዳን ያለው በርሜልና የሣር ጣራ ነው፤ ሁለቱም በቆላው ከተማ ይገኛሉ።