የጎማ መጠን፣ የማርሽ ምጣኔና የሞተር ምርጫ በመስክ መኪና ነዳጅ ላይ

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በአንድ መሥሪያ ቤት የስምሪት ክፍል የሚከተለው ነገር ቢደርስ እንግዳ አይሆንም። ለመስክ ሥራ የተመደበ አንድ ላንድ ክሩዘር ጎማው አልቆ፣ ለጭቃና ለድንጋይ ይሻላል ተብሎ በቁመቱም በስፋቱም በሚበልጥ ጎማ ይተካለታል። ከዚያ ወር ጀምሮ የጉዞ መዝገቡ ሒሳብ ይዛባል። ቀድሞ በአንድ ሊትር ናፍታ ስምንት ኪሎ ሜትር ይመዘገብለት የነበረው መኪና ሰባት ብቻ ይመዘገብለታል። ሞተሩ ይፈተሻል፤ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። የናፍታ ፖምፓውም ይፈተሻል፤ እሱም እንከን የለበትም። እንግዲህ የሚቀረው ተጠርጣሪ ሾፌሩ ብቻ ነው። ከሳልባትዮው ናፍታ እየቀዳ ይሸጣል ተብሎ ይታማል፣ ደብዳቤ ይጻፍበታል፣ ከደመወዙም ሊቆረጥበት ይችላል።

ጣት ወደ ሰው ከመቀሰሩ በፊት ግን መሠራት የነበረበት አንድ ቀላል ስሌት አለ። የመኪና የኪሎ ሜትር ቆጣሪ መንገድን አይለካም። የሚቆጥረው ዙርን ነው፤ አንድ የጎማ ዙር ምን ያህል መንገድ እንደሚሸፍን የተወሰነለትም ፋብሪካው በገጠመለት ጎማ ልክ ነው። ቁመታሙ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ስለሚሄድ፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚያስፈልገው ዙር ያንሳል፤ ቆጣሪውም የተሄደውን አሳንሶ ይጽፋል። የፍጥነት አመልካቹም እንዲሁ ያሳንሳል፤ ይህም ለትራፊክ ደኅንነት ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በጎማው ጎን 265/75 አር 16 ተብሎ የተጻፈ ጎማ ቁመቱ 804 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህም የሚሰላው የጎኑን ከፍታ ሁለት ጊዜ ወስዶ ከቸርኬው ቁመት ጋር በመደመር ነው። በ315/75 አር 16 ቢተካ ቁመቱ 879 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ ከመቶ 9.3 ነው። ስለዚህም መኪናው በእርግጥ 1000 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ቆጣሪው የሚያሳየው 915 ብቻ ነው። በመዝገብ ላይ ሰባት ኪሎ ሜትር በሊትር የተባለው በእውነቱ 7.65 ነበር ማለት ነው። ለዚያ ጉዞ የተቃጠለው 131 ሊትር ገደማ ሲሆን፣ መዝገቡ በቀድሞው ሒሳብ የሚፈቅደው ለ915 ኪሎ ሜትር 114 ሊትር ነው። ጎደለ ከሚባለው ዐሥራ ስድስት ሊትር ውስጥ ዐሥር ሊትር ተኩል ያህሉ በወረቀት ላይ ብቻ የጎደለ ነው፤ የትም አልሄደም። በእርግጥ የጨመረው ፍጆታ ስድስት ሊትር እንኳ አይሞላም፤ እሱንም የወሰደው ጎማው ነው።

ከዚህም ላይ አንድ ነገር ይታከላል። ያለቀ ጎማ ከአዲስ ጎማ ያጥራል። የጎማው ጥርስ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢያልቅ የጎማው ቁመት በሁለት ሴንቲ ሜትር ይቀንሳል፤ በ804 ሚሊ ሜትር ጎማ ላይ ይህ ከመቶ ሁለት ተኩል ያህል ነው። እንግዲህ ባለቀ ትንሽ ጎማ የተመዘገበን ቁጥር በአዲስ ትልቅ ጎማ ከተመዘገበው ጋር ማነጻጸር ስሕተቱን ያበዛዋል። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ጎማ በተቀየረ ቁጥር በመንገድ ዳር የኪሎ ሜትር ምልክት በተተከለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ ወይም በሳተላይት በሚሠራ የቦታ ጠቋሚ መሣሪያ፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ የቆጣሪውን ስሕተት ማግኘትና በመኪናው መዝገብ የፊት ገጽ ላይ ማባዣውን መጻፍ ይበቃል።

ጎማው ነዳጅ የሚወስድበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው። በመጀመሪያ የመንከባለል ተቃውሞ አለ። በለስላሳ አስፋልት ላይ ተራ ጎማ ከተሸከመው ክብደት ከመቶ አንድ እስከ አንድ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ሻካራ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ ግን ጎማው በዞረ ቁጥር ጥርሶቹ እየታጠፉና እየተመለሱ ኃይልን ወደ ሙቀት ስለሚለውጡ ከዚህ ይበልጣል። ለምሳሌ ክብደቱ 2500 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና ተቃውሞው ከመቶ አንድ ተኩል ወደ ሁለት ቢያድግበት ተጨማሪው ጉተታ 120 ኒውተን ያህል ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ ነፋሱን ጨምሮ ጠቅላላው ጉተታ ወደ 900 ኒውተን ግድም በሚሆን የመስክ መኪና ላይ ይህ ከመቶ ዐሥራ ሦስት ይጠጋል። እንግዲህ የጥርሱ ዓይነት ከጎማው ቁመት ይልቅ ነዳጅን ይነካል። ብዙ ጊዜ ግን የሚከሰሰው ቁመቱ ነው።

ክብደቱም አለ። አንድ ጎማ ከነቸርኬው በዐሥር ኪሎ ግራም ቢከብድ፣ መኪናው ሲነሣ ያ ክብደት ወደ ፊት መገፋት ብቻ ሳይሆን መሽከርከርም ስላለበት፣ በጎማው ጠርዝ ላይ ያለ ክብደት እጥፍ ያህል ይቆጠራል። በከተማ ውስጥ በየመብራቱ እየቆመ ለሚነሣ መኪና ይህ ይሰማል፤ ለፍሬኑም ሸክም ነው። ከአዲስ አበባ ወጥቶ ረጅም መንገድ በአንድ ፍጥነት ለሚጓዝ መኪና ግን ከቁም ነገር አይገባም።

ነፋስን በሚመለከት፣ ትልቅ ጎማ ለማስገባት ሲባል መኪናውን በባሌስትራ ወይም በሞላ ከፍ ማድረግ የታችኛውን አካል ለነፋስ ያጋልጣል። ሆኖም ከፍ በማድረግ ከሚጠፋው ይልቅ ያለ ዕቃ ዓመቱን ሙሉ በላዩ ላይ የሚዞረው ፖርቶ መጋላ ብዙ ጊዜ የባሰ ይበላል፤ እሱን ግን ማንም አይጠይቀውም። ፍጥነቱ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። የነፋስ ጉተታ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ በሰዓት 110 የሚነዳ በ80 ከሚነዳው ከመቶ 89 የሚበልጥ ነፋስ ይገፋል።

አሁን ወደ ማርሽ እንምጣ፤ ክርክሩ የሚበዛው በዚህ ላይ ነውና። ትልቅ ጎማ የመጨረሻውን ማርሽ እንደ ማርዘም ይቆጠራል። የዲፈረንሻሉ ምጣኔ 4.10 በሆነ መኪና ላይ፣ በቀጥተኛው ማርሽ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ በ804 ሚሊ ሜትር ጎማ ሞተሩ በደቂቃ 2435 ጊዜ ይዞራል፤ በ879 ግን 2227 ጊዜ። ሞተሩ በዝግታ ስለዞረ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው አስተያየት ከዚህ የመጣ ነው። አስተያየቱ ከንቱ አይደለም። በሜዳ ላይ፣ ሸክሙ ቀላል ሲሆንና ነፋስ ከፊት ሳይመጣ፣ ዙሩ ሲቀንስ የሞተሩ የውስጥ ሰበቃ ይቀንሳል፤ እያንዳንዱ ምት የበለጠ ሥራ ስለሚሠራም ሞተሩ ወደሚሻለው ክልል ይጠጋል። በቤንዚን ሞተር ላይ ጥቅሙ ይጎላል፤ ምክንያቱም የቤንዚን ሞተር በከፊል ሸክም ሲሠራ የአየር መግቢያው ታንቆ ስለሚተነፍስ ነው። ናፍታ ሞተር እንዲህ ያለ መታነቅ ስለሌለበት የሚያተርፈው ያንሳል።

ሀገሩ ግን ሜዳ ብቻ አይደለም። በጎማው ላይ የሚደርሰው የመጎተት ኃይል ጎማው በረዘመ መጠን ያንሳል፤ በምሳሌው ከመቶ ስምንት ተኩል ያህል ይቀንሳል። ከዚህም ጋር የከፍታውን ጉዳይ መዘንጋት አይገባም። በ2400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ከመቶ 79 ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰውን አየር ያህል ብቻ ነዳጅ ማቃጠል ስለሚችል ኃይሉ በአምስት እጅ አንድ ያህል ይቀንሳል። ሁለቱ ሲባዙ አዲስ አበባ ላይ ትልቅ ጎማ የተገጠመለት መኪና በጅቡቲ ወደብ ከነበረው ጉልበት ከመቶ 72 ያህሉን ብቻ ይዞ ይቀራል። በውጭ ሀገር የተጻፈ የጎማና የማርሽ ሠንጠረዥ እዚህ እንዳለ ሲወሰድ የሚያሳስተው ስለዚህ ነው።

ውጤቱ በአባይ በረሃ ይታያል። ከወንዙ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣ መኪና ሽቅቡ ከአንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። 2500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ለመውጣት፣ የሞተሩና የማስተላለፊያው ብቃት ከመቶ 27 ነው ቢባል፣ ለሽቅቡ ብቻ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ናፍታ ይፈጃል። ይህን ዕዳ ጎማ አይጨምረውም፣ አይቀንሰውም። የሚለያየው ሞተሩ ዕዳውን በምን ብቃት እንደሚከፍል ነው። በትንሽ ጎማ በአራተኛ ማርሽ ሳይቸገር ይወጣ የነበረ መኪና በትልቁ ጎማ አራተኛው ይከብደውና ወደ ሦስተኛ ይወርዳል። ያን ጊዜ ሞተሩ በሜዳ ላይ ያተረፈውን ዝግታ አጥቶ ከቀድሞውም በላይ ይዞራል። አልወርድም ብሎ በአራተኛው የሚያስጨንቅ ሾፌር ደግሞ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ በተለይ የናፍታ ፖምፓው ለከፍታ የሚያስተካክል መሣሪያ ከሌለው ነዳጁ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫ ይወጣል።

ስለዚህ ትልቅ ጎማ የግድ ከሆነ የዲፈረንሻሉን ምጣኔ መለወጥ አማራጭ ነው። በምሳሌው የቀድሞውን ሁኔታ የሚመልሰው ምጣኔ 4.48 ነው። በገበያ የሚገኘው 4.56 ቢገጠም ሞተሩ በሰዓት 90 ላይ 2477 ጊዜ ይዞራል፤ ይህም ከቀድሞው እምብዛም አይርቅም። ነገር ግን አራት ጎማው የሚነዳ መኪና የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል አንድ ዓይነት ምጣኔ ሊኖራቸው ይገባል። የኋላውን ብቻ ለውጦ የፊቱን መተው፣ ባለ አራቱ ሲገባ የማስተላለፊያውን አካላት እርስ በርስ ማጣላት ነው። የሁለቱ ጥርሶች ዋጋና የባለሙያው የእጅ ዋጋ ሲደመር፣ በነዳጅ ቁጠባ ብቻ ይመለሳል ማለት ዘበት ነው። የሚመለሰው በፍሪሲዮንና በካምቢዮ ዕድሜ ነው። በመጠኑ ከፍ ያለ ጎማ፣ ለምሳሌ ቁመቱ 834 ሚሊ ሜትር የሆነው 285/75 አር 16፣ ልዩነቱ ከመቶ አራት እንኳ ስለማይሞላ ምጣኔን መንካት አያስፈልገውም። አብዛኛውም የመስክ ሥራ ከዚህ በላይ አይጠይቅም።

ስለ ሞተር ምርጫ ሲነሣ በመስክ ሥራ በእጅጉ የታወቀው የቶዮታ 1ኤችዜድ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ ተርቦ የሌለውና ናፍታው በቅድመ ክፍል ውስጥ የሚቃጠል ሞተር ነው። በቅድመ ክፍሉ ግድግዳ በኩል ሙቀት ስለሚባክን፣ ናፍታን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ከሚረጭ ሞተር ይልቅ ፍጆታው ከፍ ይላል። በ2023 እ.ኤ.አ. በሰባዎቹ ተከታታይ ላንድ ክሩዘር ላይ የገባው 2.8 ሊትር ባለ ተርቦ ሞተር በመጠን በአንድ ሦስተኛ ቢያንስም በማዞር ኃይል በብዙ ይበልጠዋል፤ ከፍታም ያን ያህል አያዳክመውም። ለትልቅ ጎማ የሚስማማው እንግዲህ ይህኛው ነው፤ ያለ ምጣኔ ለውጥ እንኳ ዳገቱን በላይኛው ማርሽ ይይዛል።

ይሁን እንጂ ምርጫው በሊትር ብቻ አይወሰንም። አዲሱ ሞተር በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ በመሆኑ ውኃና አቧራ የገባበትን ናፍታ አይታገሥም። ናፍታ በበርሜል ተጭኖ በእጅ ፖምፓ በሚቀዳበት ሥፍራ፣ አሮጌው ሞተር ማጣሪያው ተለውጦለት ጉዞውን ሲቀጥል፣ አዲሱ በኮምፒዩተር መመርመሪያ እስኪደርስለት ሊቆም ይችላል። ቆሞ የሚጠብቅ መኪና ነዳጅ አይፈጅም፤ ክትባት የሚጠብቅ ቀበሌ ግን አለ።

ትልቅ ጎማ ነዳጅ የሚቆጥብበት ቦታም አለ፤ ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው። በአፋር አሸዋ ላይ የመንከባለል ተቃውሞ ከአስፋልቱ ዐሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ ምክንያቱም ጎማው በየእርምጃው ከገባበት ጉድጓድ ለመውጣት ስለሚታገል ነው። ረጅምና በአየር የለዘበ ጎማ መሬትን የሚነካበት ርዝመት ስለሚጨምር አይሰምጥም፤ ሳይሰምጥ የሚሄድም ብዙ አይቃጠልም። የአይስላንድ ሰዎች በበረዶ ላይ የጎማቸውን አየር እጅግ አውርደው በግዙፍ ጎማ የሚጓዙት በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን አሸዋው ሲያልቅ አየሩ መመለስ አለበት። ለአሸዋ የለዘበ ጎማ በአስፋልት ላይ ሲነዳ ይሞቃል፣ ናፍታ ይበላል፣ ጎኑም ይቀደዳል። በየመኪናው የአየር መለኪያና ትንሽ የአየር መሙያ ማስቀመጥ ከትልቅ ጎማ በፊት ሊታሰብ የሚገባው ወጪ ነው፤ የፊት ጎማ መቆለፊያ ያለውም መኪና በአስፋልት ላይ ሳይከፈት እንዳይነዳ በስምሪት ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ቢጨመር ይበቃል።