የክረምት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ስለ ልጆቻችን ጤና

(ለተማሪ ወላጆች ስብሰባ የተደረገ ንግግር፤ ላልተገኙ ወላጆች እንዲደርስ በሰሌዳ የተለጠፈ)



ሐምሌ ሲገባ የልጆቻችን የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ይጀመራል። ዘንድሮ የክትባት ካርድ እንዲቀርብና የታመመ ልጅ እቤቱ እንዲቆይ ተወስኗል። ይህን ሰምታችሁ «ለሁለት ወር ትምህርት ደግሞ ካርድ ምን ያደርጋል?» ያላችሁ አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን የምጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው።

አምና የልጅ ልጄን ትኩሳት ያዘው። እኛ የደራ ሰዎች ትኩሳት ካየን «ወባ ነው» ለማለት ማን ይቀድመናል! ልጁ ያስለው ነበር፣ ዓይኑም ቀልቶ ነበር፤ እኔ ግን ልብ አላልኩም። ትንሽ ቀለል ሲለው ትምህርቱ እንዳያመልጠው ብዬ ላክሁት። በማግስቱ ፊቱ ላይ ሽፍታ ወጣ። ለካ ኩፍኝ ኖሯል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከክፍሉ ልጆች ተያዙ፤ አንደኛዋም ይዛው ገብታ ለ7 ወር ወንድሟ አስተላለፈችበት። ሕፃኑ የሳንባ ምች ሆኖበት ሐኪም ቤት ተኛ። ፈጣሪ ይመስገን ተርፏል፤ እናቱን ግን እስከ ዛሬ ቀና ብዬ ለማየት አፍራለሁ።

ያ ሕፃን ምን ያድርግ? የኩፍኝ ክትባት የመጀመሪያው የሚሰጠው በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ነው። ገና አልደረሰም። እሱን ሊከላከልለት የሚችለው የእህቱና የጓደኞቿ መከተብ ብቻ ነበር። ኩፍኝ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን አስቀድሞ ይተላለፋል፤ ከወጣም በኋላ እስከ 4 ቀን ይቀጥላል። የታመመው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ በሽታው አየሩ ውስጥ ለ2 ሰዓት ያህል ሊቆይ ይችላል። ባልተከተቡ ሰዎች መካከል አንድ በሽተኛ ከ12 እስከ 18 ሰው እንደሚያስይዝ የጤና ባለሙያዎች ይናገራሉ። ዝናብ ነው ብለን መስኮት በምንዘጋበት ክፍል ውስጥ የሚሆነውን እናንተው አስቡት።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) በኒው ዮርክና በአካባቢዋ በሚኖሩ አጥባቂ አይሁዶች መካከል ኩፍኝ ተስፋፍቶ ነበር። አብዛኞቹ ልጆቻቸውን የሚያስከትቡ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ግን በወሬ ፈርተው ቀርተዋል። ወሬ እዚያም አለ ማለት ነው! ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹ አብረው እያደሩ ወደሚከርሙበት ካምፕ የሚሄዱበት ጊዜ ደረሰ። የሮክላንድና የሳሊቫን አውራጃ ጤና ኃላፊዎች የመከተቡን ማስረጃ ያላቀረበ ልጅም ሆነ ሠራተኛ ካምፕ እንዳይገባ አዘዙ። በዚያ ዓመት በመላው አሜሪካ የተያዘው ሰው 1,274 ነው። ያን ያህል ሀብትና ሐኪም ያለው አገር ካርድ ከጠየቀ እኛ ብንጠይቅ ምን ይገርማል?

በእኛም አገር ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በመደበኛነት የተጀመረው በዚያው በ2011 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከዚያ ቀደም ብለው የተወለዱት ትልልቆቹ ልጆች በዘመቻ ካልተከተቡ በስተቀር የወሰዱት አንዱን ብቻ ሊሆን ይችላል። «ትልቅ ነው፣ አልፎለታል» አትበሉ፤ ካርዱን እንየው።

ካርድ የሌለው ልጅ ይባረራል የሚባለው ግን ውሸት ነው። ስሙ ተመዝግቦ ለጤና ጣቢያው ይቀርባል፤ ባለሙያዎቹ የሚሉትን እንፈጽማለን። ብዙ እናቶች «ሄጄ ነበር፣ ሌላ ቀን ተመለሺ አሉኝ» ስትሉ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ያናድዳል፤ በተለይ የገበያ ቀን ከሆነ። ምክንያቱ ብልቃጡ ነው። አንዱ የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ለብዙ ልጅ የሚሆን ሲሆን፣ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ይደፋል። ለአንድ ልጅ ተከፍቶ እንዳይባክን ነው ቀጠሮ የሚሰጡት። ሰብሰብ ብለን በአንድ ቀን ከሄድን ግን ብልቃጡ ይከፈታል።

ስለ ሕመም ደግሞ፦ ትኩሳት ያለው ልጅ፣ ወባም ይሁን ሌላ፣ ሳይመረመር አይምጣ። ኩፍኝ ከሆነ ሽፍታው ከወጣ 4 ቀን እስኪያልፍ እቤቱ ይቆይ። ተቅማጥ የያዘው ካቆመለት በኋላ ሁለት ቀን ይረፍ፤ እስከዚያ ለምለም በጥብጣችሁ አጠጡት። ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መርፌ አይወጋም፣ ሐኪም አይየውም የሚለውን የዱሮ አባባል ተዉት። ጤና ጣቢያ ቫይታሚን ኤ ይሰጡታል፣ ሳንባውንም ያዩለታል።

ልጅ እቤት ዋለ ማለት የእናት ሥራ ቀረ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። በቀን ገቢ የምታድር እናት «አልታመመም» ብላ ብትልክ አልፈርድባትም፤ እኔም ልኬ ነበር። ስለዚህ የቀረው ልጅ ደብተሩ በጎረቤት ልጅ እጅ እቤቱ ይላክለታል፤ መምህራኑም ተስማምተዋል። በመቅረቱ ቦታውን የሚያጣ ልጅ የለም።

ካርድ ያላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ለኮሚቴው አሳዩ። የጠፋባችሁም የልጁን ስምና ዕድሜ አስመዝግቡ። ወደ ጤና ጣቢያ የምንሄድበት ቀን እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ብቻዋን መሄድ የማይመቻት እናት ካለች ከእኔ ጋር ትሂድ።