ትልቁ ብሎክና ትንሹ ብሎክ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የመካኒክ ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)



በዛሬው በዓል ምክንያት ወደ ወርክሾፓችን ብቅ ያላችሁ ሁሉ በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን አሮጌ የሸቭሮሌ ሞተር ሳታዩት አልቀራችሁም። ይህ ሞተር ዛሬ በፊታችሁ ተነሥቶ ድምፁን እንዲያሰማ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ክዳኑ ወልቆ፤ ፒስተኖቹ ተገልጠው፤ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ከጎኑም አንድ አዲስ ጋስኬት ተዘርግቷል። ብዙዎቻችሁ «ምነው ሳይነሣ ቀረ?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። መልሱን ለመስጠት ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ እኛም ሳንለያቸው በመቅረታችን ነው የተቸገርነው።

በመጀመሪያ ስለ ሞተሩ አሠራር ጥቂት እንናገር። ይህ ሞተር ስምንት ሲሊንደሮች አሉት። አራቱ በቀኝ፤ አራቱ በግራ ሆነው እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ወደ ሁለት ወገን ያዘነበሉ ናቸው። ስሙም ስለዚህ ቪ ስምንት ይባላል። ሲሊንደሮቹ የተቦረቦሩበት፤ ከቀለጠ ብረት በአንድነት ፈስሶ የተሠራው ከባድ አካል ብሎክ ነው። ብሎኩን ከላይ የሚዘጋው ቴስታታ ሲሆን፤ በሁለቱ መካከል እሳቱና ውሃው እንዳያመልጡ የሚያግደው ስስ ንጣፍ ጋስኬት ይባላል። የሞተር ሊትር የሚባለው ደግሞ ስምንቱ ፒስተኖች ከታች ወደ ላይ ሲወጡ የሚጠርጉት ቦታ ድምር ነው።

እንግዲህ «ትልቅ ብሎክ» እና «ትንሽ ብሎክ» የሚባለው አጠራር የሚናገረው ስለ ብሎኩ የውጭ አካል ነው እንጂ ስለ ሊትሩ አይደለም። ሁለት ጋኖችን አስቡ። አንዱ በውጭ ሲያዩት ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ገሉ ወፍራም ነው። ሁለተኛው አነስ ያለ ነው፤ ገሉ ግን ስስ ነው። ጠላ የሞላን እንደ ሆነ ትንሹ ጋን ከትልቁ የበለጠ ሊይዝ ይችላል። በሞተርም ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ሸቭሮሌ የመጀመሪያውን ትንሽ ብሎክ ያወጣው በፈረንጆች አቈጣጠር ለ1955 ሞዴል መኪናዎቹ ነው። ሥራውን የመሩት ኢንጂነር ኤድ ኮል ነበሩ። ሞተሩም 4.3 ሊትር ነበረ። በ1958 ደግሞ ለከባድ መኪናዎችና ለካሚዮኖች የሚበቃ ሌላ ሰፊ ብሎክ መጣ፤ እርሱም 5.7 ሊትር ነበረ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ትንሹ ትንሽ ይይዛል፤ ትልቁ ትልቅ ይይዛል። ነገር ግን የፋብሪካው ኢንጂነሮች ትንሹን ብሎክ በየጊዜው ውስጡን እያሰፉ በ1967 እርሱንም 5.7 ሊትር አደረሱት። በ1965 አዲስ ትልቅ ብሎክ በ6.5 ሊትር ወጥቶ ነበር፤ በ1970 ግን ትንሹ ብሎክ 6.6 ሊትር ደረሰ። ታናሹ ታላቁን በሊትር በለጠው ማለት ነው። ትልቁም ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ በዚያው ዓመት ወደ 7.4 ሊትር አደገ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱ በሲሊንደሮቹ መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው። በትንሹ ብሎክ ከአንዱ ሲሊንደር መካከል እስከ ቀጣዩ ሲሊንደር መካከል ያለው ርቀት 111.8 ሚሊሜትር ነው። በ1965ቱ ትልቅ ብሎክ ግን 122.9 ሚሊሜትር ነው። የ6.6 ሊትሩ ትንሽ ብሎክ ሲሊንደር ወርዱ 104.8 ሚሊሜትር ስለ ሆነ፤ በሁለት ሲሊንደሮች መካከል የሚቀረው 7 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በዚህ ጠባብ ቦታ ውሃ ማሳለፍ ስለማይቻል ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው አጣብቀው ሠሯቸው። በዚያ የሚፈጠረው እንፋሎት እንዲያመልጥም በብሎኩ፤ በጋስኬቱና በቴስታታው ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አበጁ። የ6.5 ሊትሩ ትልቅ ብሎክ ሲሊንደር ወርዱ 104 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በሁለቱም መካከል 19 ሚሊሜትር ገደማ ይተርፋል። በዚያ ውሃ እንደ ልቡ ይዘዋወራል፤ ለወደፊትም ለማስፋት ቦታ አለ።

ቴስታታቸውም ይለያያል። በትንሹ ብሎክ ቫልቮቹ በአንድ መስመር እንደ ሰልፈኛ ተደርድረዋል። በ1965ቱ ትልቅ ብሎክ ግን ቫልቮቹ ወዲያና ወዲህ ስላዘነበሉ አሜሪካኖች በቀልድ «ጃርት» ይሉታል። እንዲህ በማዘንበላቸው ሰፋፊ ቫልቮችን ለማግባት ተችሏል፤ ሞተሩም ብዙ አየር ይስባል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ይህ ጥያቄ «በሬ ይሻላል ወይስ ፈረስ?» እንደ ማለት ነው። ከባድ ጭነት ለሚጎትት፤ ረዥም ዳገት ለሚወጣ ካሚዮን ትልቁ ብሎክ ይመረጣል። ነገር ግን ሁለቱም በሙሉ ከብረት የተሠሩ እንደ ሆነ ትልቁ ከትንሹ በ50 ኪሎ ግራም ገደማ ይከብዳል። ይህ ሁሉ ክብደት በመኪናው አፍንጫ ላይ ስለሚያርፍ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ መኪናው ለመታጠፍ ይሰንፋል፤ ቤንዚንም ይፈጃል። በ1973 የዓረብ አገሮች ነዳጅ በከለከሉ ጊዜ የቤንዚኑ ጉዳይ አሜሪካኖችን በብርቱ አሳሰባቸው። ትንሹ ብሎክ ግን ዕድሜው ረዘመ። ፋብሪካው በ2011 መቶ ሚሊዮንኛውን ትንሽ ብሎክ ሠራ። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ሞተሩ ከሥር እስከ ጫፍ ቢለወጥም የ111.8 ሚሊሜትሩ ርቀት አልተነካም።

ይህ አጠራር በአሜሪካን ፋብሪካዎች ሁሉ ዘንድ አንድ ዓይነት እንዳልሆነም ልንገልጽ እንወዳለን። ፎርድና ክራይስለር እያንዳንዳቸው የራሳቸው ትልቅና ትንሽ ብሎክ ነበሯቸው፤ የአንዱ ለሌላው አይገጥምም። ፖንቲያክ ደግሞ ከ5.3 እስከ 7.5 ሊትር ያሉትን ሞተሮቹን በውጭ መጠኑ አንድ በሆነ ብሎክ ይሠራ ነበር።

አሁን ወደ ጠረጴዛችን እንመለስ። ሞተሩን ባገኘን ጊዜ አብሮት የመጣው ወረቀት «6.6 ሊትር» ይል ነበር። የ6.5 ሊትሩ ሞተር ትልቅ ብሎክ መሆኑን አንብበን ስለ ነበር፤ የእኛም ትልቅ ብሎክ ነው ብለን ወሰንን። ያን ጊዜ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች እኅታችን፤ «ሊትሩን ተዉትና የቫልቭ ክዳኑን የያዙትን ብሎኖች ቍጠሩ፤ እዚህ በአንዱ ክዳን ላይ አራት ናቸው፤ በትልቁ ብሎክ ሰባት ይሆናሉ» አለችን። እኛ ግን፤ «6.6 ከ6.5 ይበልጣል፤ ይህ የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ነው» ብለን ሳቅንባት። እርሷም ዝም አለች።

ከኪሳችን ያዋጣነውን ገንዘብ ሰብስበን አሜሪካን አገር ለሚኖር የአንድ ጓደኛችን ወንድም ላክን። እርሱም በጻፍንለት መሠረት የትልቁን ብሎክ ጋስኬት ገዝቶ ሰደደልን። በብሎኩ ላይ ዘርግተን የመጀመሪያውን ቀዳዳ ከመጀመሪያው ሲሊንደር ጋር ብናገጥመው፤ አራተኛው ከ33 ሚሊሜትር በላይ አልፎ ሄደ። ብዙ ጊዜ አገላበጥነው፤ ብረት ግን በክርክር አይረታም። ገንዘባችን አለቀ፤ የበዓሉም ቀን ደረሰ።

እንግዲህ ሞተሩ ሳይነሣ የቀረበት ምክንያት ይህ ነው። ጥፋቱ የላከልን ሰው አይደለም፤ የጠየቅነውን ነው የላከው። ጥፋቱ ስምን ሰምተን ሳንለካ፤ ቍጥርን አንብበን የምን ቍጥር እንደ ሆነ ሳንጠይቅ የፈረድን የእኛ ነው። ከዚህም በላይ፤ ቈጥራ የነገረችንን በዕድሜዋ ታናሽ ስለ ሆነች ብቻ አልሰማናትም። በዚህ የተከበረ ጉባኤ ፊት እኅታችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ጋስኬቱን አልጣልነውም። ከዛሬ ጀምሮ በወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች የትልቁንና የትንሹን ብሎክ ልዩነት በዓይናቸው አይተው፤ በሜትር ለክተው ይማሩበታል። ለሞተሩም የሚገጥመውን፤ የእንፋሎቱ ቀዳዳዎች ያሉትን ጋስኬት ለመግዛት እንደገና ማዋጣት ጀምረናል። የዚህን ጊዜ የትእዛዙን ደብዳቤ የጻፈችው እኅታችን ናት።